ወጥ ሥርዓት ሲከፋፈል፦ የድርጅት መረጃ ቅጂና የወለጋ ከተሞች

በኢትዮጵያ ባንኮች ታሪክ ውስጥ የቁጠባ ሒሳብ የሚኖረው ደብተሩ በተከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ የነበረበት ረጅም ዘመን አለ። ነቀምቴ ላይ ሒሳብ የከፈተ ነጋዴ ገንዘቡን አዲስ አበባ ላይ ለመጠቀም ቢፈልግ ሐዋላ ማስላክ ወይም ሲፒኦ ማሠራት ነበረበት እንጂ፣ ደብተሩን ይዞ ሌላ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ቢቀርብ የሚያስተናግደው አልነበረም፤ የሒሳቡ ካርድም ሆነ የፊርማው ናሙና በነቀምቴው ቅርንጫፍ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፈው ይቀመጡ ነበርና። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ኮር ባንኪንግ የሚባለው፣ የሁሉንም ቅርንጫፎች ሒሳብ በአንድ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት የሚይዝ ሥርዓት በየባንኩ ተራ በተራ ሲተከል ደንበኛው የአንድ ቅርንጫፍ መሆኑ ቀርቶ የባንኩ ሆነ። ለውጡ ለወለጋ ነጋዴም ሆነ ለደመወዝተኛው ትልቅ በረከት ነበር፤ ዋጋው ግን አዲስ ዓይነት ጥገኝነት ሆነ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 331 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ በመካከል ያለው መስመር ሲቋረጥ በካዝናው ገንዘብ እያለ፣ ሠራተኛው በቦታው ተቀምጦ፣ ደንበኛውም ተሰልፎ ሳለ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ሥራውን ሁሉ ያቆመዋል።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ትላልቅ ድርጅቶች ያን ወደ አንድ የተሰበሰበ ሥርዓት እንደገና እየከፋፈሉት ይገኛሉ፤ ክፍፍሉ ግን እንደ ቀድሞው በቅርንጫፍ ሳይሆን በተግባር ነው። የደንበኛ ምዝገባ ራሱን የቻለ አነስተኛ ፕሮግራም ይሆናል፣ ብድር ሌላ፣ ክፍያም ሌላ፤ እያንዳንዱ የራሱን የመረጃ ቋት ይዞ ከሌሎቹ ጋር በኔትወርክ ይነጋገራል። ሥራው ሁሉ በአንድ ፕሮግራምና በአንድ ቋት የሚካሄድበት አሠራር ሞኖሊቲክ ወይም ወጥ አወቃቀር ሲባል፣ የተከፋፈለው ደግሞ ማይክሮሰርቪስ፣ በአማርኛ የንዑስ አገልግሎቶች አወቃቀር ሊባል የሚችለው ነው፤ ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቀውም ጀምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጽሑፍ ነው። የዚህ ዲስኩር ክርክር በዚህ ሽግግር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ፕሮግራሙን መቁረጡ ሳይሆን መረጃውን ማካፈሉ እንደሆነና፣ እያንዳንዱ መረጃ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ቅጂው የት የት እንደሚኖር፣ ቅጂው ሲዘገይም ምን እንደሚፈቀድ ሳይወሰን የተጀመረ ክፍፍል እንደ ነቀምቴና ጊምቢ ያሉትን የወለጋ ከተሞች ከቀድሞው የባሰ ችግር ላይ እንደሚጥል ነው።

የመረጃ ቅጂ ወይም ሪፕሊኬሽን ማለት አንድን መረጃ ከአንድ በላይ በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ አኑሮ፣ በአንዱ ላይ የተደረገው ለውጥ በሌሎቹም እንዲደረግ ማድረግ ነው። ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ለውጡ በሁሉም ቅጂዎች ላይ መስፈሩ ሳይረጋገጥ «ተመዝግቧል» የማይልበት፣ የተቀናጀ ወይም ሲንክሮነስ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዋናው ቋት መዝግቦ ሥራውን ከቀጠለ በኋላ ቅጂዎቹ በየፍጥነታቸው የሚደርሱበት፣ አሲንክሮነስ የሚባለው ነው። የፊተኛው ቅጂዎቹ እንዳይለያዩ ቢጠብቅም ከቅጂዎቹ አንዱ ባልተገኘ ጊዜ ሥራውን ያቆማል፤ የኋለኛው ሥራውን ባያቆምም ዋናው ቋት ድንገት ቢጠፋ ገና ያልተላከው ለውጥ አብሮ ሊጠፋ፣ ከቅጂው የሚያነብ ሰውም የቆየ መረጃ ሊያይ ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚገኙ መንገዶች ቢኖሩም ከዚህ ምርጫ ፈጽሞ የሚያስመልጥ የለም፤ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ጥቅም በአንድነት ሲቀርብ የሚያይ የተቋም ኃላፊ ጥንቃቄ ማድረግ ያለበት ለዚህ ነው።

በወጥ ሥርዓት ውስጥ ቅጂ ማድረግ በአንጻራዊነት ቀላል የሚሆነው የለውጦቹ ቅደም ተከተል አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው የዝምድና ሞዴል ላይ የተመሠረቱት ቋቶች ማናቸውንም ለውጥ በቅድሚያ ሎግ በሚባል፣ ከኋላው እየተጨመረበት በሚሄድ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ቅጂ የሚይዘው ሰርቨር የሚያደርገው ይህንኑ ሎግ በቅደም ተከተሉ ተከትሎ መድገም ነው። ከአንዱ ሒሳብ 5,000 ብር ተቀንሶ ወደ ሌላው ሲገባ ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ግብይት (ትራንዛክሽን) ውስጥ ታስረው ወይ አብረው ይጸናሉ ወይ አብረው ይሰረዛሉ። ይህ እጅግ የከበረ ንብረት ነው፤ ስለ ማይክሮሰርቪስ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ግን እንደ ዋዛ ያልፉታል።

ይሁን እንጂ ወጥ ሥርዓት ሲሳሳትም ሆነ ሲቆም የሚቆመው በሙሉ ነው። የአሜሪካው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶበት ለሦስት ቀናት ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ ካቃተው በኋላ ነው አንዱን ትልቅ ሥርዓት ወደ ብዙ አነስተኛ አገልግሎቶች መክፈል የጀመረው፤ ሽግግሩም የተጠናቀቀው በጥር 2016፣ ከሰባት ዓመት በላይ ከቆየ ሥራ በኋላ ነበር። በኢትዮጵያም ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ይታወሳል። ባንኩ ችግሩ የመጣው በራሱ ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ እንጂ በሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ያስታወቀ ሲሆን፣ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጪ ተደርጎ ወይም ተላልፎ፣ አገልግሎቱም በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። የቴክኒኩ ዝርዝር የባንኩ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ግልጽ ነው፦ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ በተሳሰረበት ሥርዓት በአንድ ማሻሻያ የመጣ ስሕተት ሲታወቅ የሚቀረው መፍትሔ ሁሉንም በአንድነት መዝጋት ሆነ፤ ሒሳቡን ለማየት ብቻ የቀረበ የነቀምቴ ደንበኛም አብሮ ተዘጋበት።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይከፈል ሲባል የመጀመሪያው ወጥመድ ድርብ ጽሕፈት የሚባለው ነው። የክፍያ አገልግሎት በራሱ ቋት «ተከፍሏል» ብሎ ከመዘገበ በኋላ ለማሳወቂያው ወይም ለሒሳብ አገልግሎቱ መልእክት መላክ አለበት፤ በሁለቱ ድርጊቶች መካከል መብራት ቢጠፋ ክፍያው ተመዝግቦ መልእክቱ ይቀራል፣ ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ቢሆን ደግሞ መልእክቱ ሄዶ ክፍያው ሳይመዘገብ ይቀራል። መፍትሔው በማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከሚታየው አሠራር ጋር ይመሳሰላል። እዚያ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት በወጪ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ይሰፍራል፣ ተላላኪው ቢዘገይም ደብዳቤው መላክ እንዳለበት መዝገቡ ይመሰክራል፣ ተቀባዩም በገቢ መዝገቡ ላይ ያንኑ ቁጥር ቀድሞ ካገኘው ሁለተኛውን ቅጂ እንደ አዲስ ጉዳይ አይከፍተውም። በማይክሮሰርቪስ ውስጥም አገልግሎቱ ዋናውን ለውጥና የሚላከውን መልእክት በአንድ ግብይት በራሱ ቋት ውስጥ ያሰፍራል፤ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ያን የወጪ ሰሌዳ እያነበበ መልእክቱን ያደርሳል። በሊንክድኢን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ክፍት እንደሆነው ካፍካ ያሉ የመልእክት ማስተላለፊያዎች፣ እንዲሁም የቋቱን ሎግ በቀጥታ እያነበቡ ለውጡን ለሌሎች የሚያሰራጩ እንደ ዴቤዚየም ያሉ መሣሪያዎች የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው። ሎጉ በወጥ ሥርዓት ዘመን የቋቱ የውስጥ ምስጢር ነበር፤ በአዲሱ አወቃቀር አገልግሎቶቹን ሁሉ የሚያገናኝ አደባባይ ሆነ።

በገቢ መዝገቡ በኩል ያለው ጥንቃቄ ለወለጋ ከተሞች በተለይ ያስፈልጋል። መስመሩ በሚደክምበት ቦታ ገንዘብ ላኪው «ላክ» የሚለውን ተጭኖ መልስ ሲያጣ መልሶ መጫኑ አይቀርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከመነሻው የራሱ ልዩ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ያው ትእዛዝ ሁለት ወይም አምስት ጊዜ ቢደርስ ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደደረሰ እንዲሆን መደረግ አለበት። ይህን ንብረት የሌለው አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲፈተን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ደምቢ ዶሎ ላይ ግን ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል። ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው፦ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው በተራራቁ ኮምፒውተሮች ላይ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ በግድግዳ ሰዓት ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ስለዚህ የአንድ ሒሳብ ወይም የአንድ ሰው ለውጦች ሁሉ በአንድ ወረፋ ውስጥ እንዲያልፉ ማድረግ ግድ ይሆናል።

በብዙ አገልግሎቶች ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ሥራ ደግሞ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ጊምቢ ላይ ለኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን የሚቀርብ ቡና ይመዘናል፣ ናሙናው ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይዘጋጅለታል፣ ሽያጩ ይፈጸማል፣ ገንዘቡም በባንክ በኩል ይተላለፋል። እነዚህ ድርጊቶች በተለያዩ አገልግሎቶችና ተቋማት እጅ ሲሆኑ ሁሉንም በአንድ ግብይት ማሰር አይቻልም። ሄክቶር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ሳጋ ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ረጅሙን ሥራ ወደ ተከታታይ አጫጭር ግብይቶች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ የሚሽረውን ተቃራኒ ድርጊት አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ክፍያው ካልተሳካ ደረሰኙ ይሰረዛል፣ ቡናውም ወደ ሻጩ ስም ይመለሳል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ተቃራኒው ድርጊት የቴክኒክ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቡናው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ክፍያው ቢከሽፍ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሕግና ውል ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በተግባር የሚታይበት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ይህ ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራው በተጀመረ የክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው፤ መድረኩም ከጅምሩ በንዑስ አገልግሎቶች የታነጸ ነው። የመዝጋቢው ፕሮግራም መስመር ሳይኖርም ይሠራል። የተመዝጋቢው ስም፣ አድራሻ፣ የአሥር ጣቶቹ አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹ አይሪስና የፊቱ ምስል በአንድ ጥቅል ተመስጥረው በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ መስመር ሲገኝ ጥቅሉ ወደ ማዕከል ይላካል። እዚያም አንዱ አገልግሎት የጥቅሉን ትክክለኛነት ይመረምራል፣ ሌላው አሻራው ቀድሞ በሌላ ስም መመዝገብ አለመመዝገቡን ያነጻጽራል፣ ሌላው ደግሞ ቁጥር ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው የዚህ ዲስኩር ዋና ነጥብ በሥራ ላይ ሲውል የሚታይበት ነው። አንድ ባንክ «ይህ ሰው እርሱ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጠው የማረጋገጫ አገልግሎት ዋናውን የማንነት ቋት አይነካም፤ የራሱ የተለየ ቋት አለው፣ በዚያም ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቅጂ ብቻ ተመስጥሮ ይቀመጣል፤ ቅጂውም የሚደርሰው አዲስ ሰው በተመዘገበ ወይም መረጃው በተለወጠ ቁጥር በሚሰራጭ መልእክት ነው። ባለቤቱ አንድ ነው፣ ቅጂው ግን ለሥራው ልክ ተቆርጦ የተሰጠ ነው። ወጥ በሆነ ሥርዓት ውስጥ ቅጂ ማለት ሙሉው ቋት እንዳለ መባዛቱ ስለነበር፣ የአንዱ ቅጂ መሰረቅ የሁሉም መሰረቅ ነበር። በአዲሱ አወቃቀር እያንዳንዱ ተቋም የሚበቃውን ያህል ብቻ ይይዛል፤ ለዜጋው ገመና ጥበቃ ይህ ትልቅ እመርታ ነው። በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ስለ አወቃቀር የሚሰማው ባይኖርም፣ አሻራው በስንት ሰርቨር ላይ እንደሚኖር የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው።

የጤናው ዘርፍ ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሥርዓት፣ በአወቃቀሩ ወጥ ነው፤ ቢሆንም መስመር በሌለባቸው ተቋማት በአካባቢው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ቆይቶ ከማዕከሉ ጋር እንዲመሳሰል ማድረግ ተችሏል። በዘርፉ የሪፖርቱ ወር የሚቆጠረው ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ድረስ መሆኑም አሠራሩን ያግዛል፤ መረጃው በየደቂቃው ሳይሆን በየወሩ ከደረሰ በቂ ነውና። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ሁሉም ሥርዓት የግድ መከፈል አለበት ማለት አይደለም የሚል ነው። የወር ሪፖርት የሚሰበስብን ሥርዓት በሃያ አገልግሎት ቆራርጦ ጥገናውን ለጥቂት ባለሙያ መተው ለፋሽን ሲባል የሚደረግ ብክነት ነው።

በወለጋ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የውጭ መጻሕፍት አይነኩትም። የዞኑና የወረዳው መዝገቦች በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ፊደል ሲያዙ፣ የፌዴራል ተቋማት ብዙ መዝገቦች በግእዝ ፊደል ይያዛሉ፤ የልደት ቀንም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ ሌላው ጋ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይሰፍራል። በአንድ ቋት ዘመን የአንዱ ሰው ስም አንድ ጊዜ ተጽፎ ስለሚቀር ልዩነቱ አይታይም ነበር፤ አገልግሎቶቹ ሲለያዩ ግን እያንዳንዱ በራሱ አጻጻፍ መዝግቦ ያው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጂዎቹ የሚዛመዱት በስም ሳይሆን እንደ ፋይዳ ቁጥር ባለ የማይለወጥ መለያ መሆን አለበት፣ ቀንም ሲላክ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መላክ አለበት። ጳጉሜን የማያውቅ የመልእክት ቅርጽ በጳጉሜ 3 የተወለደን ልጅ የት እንደሚያስገባው አያውቅም።

ኤሪክ ብሪወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበውና ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 ያረጋገጡት መርህ፣ ኔትወርኩ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ የተከፋፈለ ሥርዓት ወይ ሁልጊዜ ትክክለኛውን የመጨረሻ መልስ መስጠትን ወይ ሁልጊዜ መልስ መስጠትን ይመርጣል እንጂ ሁለቱንም ማድረግ አይችልም ይላል። በብዙ አገሮች የኔትወርክ መከፈል አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚያልፍ አደጋ ነው። በወለጋ ግን በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ገደማ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተገድቦ ቆይቷል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ሥርዓት የሚነድፍ ባለሙያ መቋረጥን እንደ ዋና ሁኔታ ቆጥሮ መነሣት አለበት። ምዝገባ፣ ክትባት፣ የመጋዘን ርክክብ የመሰሉት ድርጊቶች በተፈጸሙበት ቦታ ተመዝግበው ኋላ ወደ ማዕከል ሊሄዱ ይችላሉ፤ መጨመር ብቻ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይቃረንምና። ከሒሳብ ገንዘብ ማውጣት ግን እንደዚህ አይደለም፤ መስመር በሌለበት ጊዜ በሁለት ቦታ የተፈቀደ ወጪ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለሆነም ባንኩ መስመር ሲቋረጥ እስከ የትኛው ጣሪያ ድረስ እንደሚፈቅድ፣ ጉዳቱንም ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ በቦርድ ደረጃ መወሰን አለበት።

ከዚህ ተነሥቶ የሽግግሩ ቅደም ተከተል ይታያል። የገንዘብ ዋና ሌጀር፣ ማለትም የሒሳብ መግቢያና መውጫ የሚሰፍርበት መዝገብ፣ በአንድ ግብይት የመታሰር ንብረቱን እንደያዘ መቆየት አለበት፤ በመጨረሻ የሚነካውም እርሱ ነው። በመጀመሪያ የሚወጡት ስሕተታቸው የሚታረም አገልግሎቶች ናቸው፦ የመልእክት ማሳወቂያ፣ ቀጥሎ የሒሳብ መግለጫ ማንበቢያ፣ ከዚያ የደንበኛ መረጃ። አሮጌው ሥርዓት ሳይፈርስ አዲሱ በዙሪያው እያደገ ሥራውን ከእጁ ይረከባል፤ በዚህ ጊዜ አሮጌው ቋት በሎጉ አማካይነት አዲሶቹን ይመግባል እንጂ ሁለቱም ወገን ያንኑ መረጃ እኩል እየለወጡ አይኖሩም። ለእያንዳንዱ መረጃ በእያንዳንዱ ቀን ባለቤቱ አንድ ብቻ ይሆናል፣ የባለቤትነት ርክክቡም ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሆናል። ባንኮች በየዕለቱ የሚያደርጉት ሒሳብ የማስታረቅ ልማድ እዚህ ላይ ከየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ይበልጣል፤ አሮጌውና አዲሱ ቋት በየምሽቱ በሰነድ ብዛትና በድምር ተነጻጽረው ልዩነቱ ሳይገለጽ ቀጣዩ አገልግሎት አይወጣም።

ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 እንደጻፈው የአንድ ሥርዓት ቅርጽ የሠራውን ድርጅት የመነጋገሪያ ቅርጽ ይከተላል፤ ባለሙያው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የሚሠራው የተከፋፈለ ሥርዓትም በስሙ ካልሆነ በቀር የተከፋፈለ አይሆንም። በነቀምቴ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከእርሱ የሚወጡ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃን የአካባቢውን መስመር ድክመት፣ የቁቤውን አጻጻፍና የቡናውን ወቅት ያውቃሉ፤ ስለዚህ ባንኮቹና መሥሪያ ቤቶቹ ቢያንስ አንዱን አገልግሎት ከነሙሉ ባለቤትነቱ በዚያው እንዲሠራና እንዲጠበቅ ቢያደርጉ ክፍፍሉ እውነተኛ ይሆናል። የሽግግሩ መለኪያም በማዕከሉ ሰርቨር ክፍል የሚታየው አማካይ ፍጥነት መሆን የለበትም። በቡና ወቅት፣ በገበያ ቀን፣ መስመሩ ለሁለት ሰዓት ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ በሩቁ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ቅጂ ከዋናው መዝገብ ጋር ለመገናኘት ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ በዚያ መካከል ስንት ሰነድ እንደተደገመና ስንቱ እንደጎደለ በየወሩ ተለክቶ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅና ለደንበኞቹ በግልጽ መቅረብ አለበት፤ መለኪያው ይኸው ቁጥር ነው።